የማይታዩ ጎረቤቶች፤ ከገዳሪፍ መንገድ እስከ ሜሩ ተራራ

ከመተማ ተነሥቶ፣ ሁለቱን አገሮች የሚለየውን ፈፋ ተሻግሮ ገላባት የሚገባ መንገደኛ፣ ዶካን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ጥቁር አፈሯ በማሽላና በሰሊጥ የታወቀውን የገዳሪፍን ከተማ ያገኛል። በዚህ መንገድ ቡናና ጨርቅ፣ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ፣ ወታደርና ስደተኛ ሲመላለሱ ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ግን ኬላ የማያግደውና ዓይን የማያየው አንድ ሌላ ማኅበር ከአገር ወደ አገር ተሻግሯል፤ እርሱም በእኛ ዘንድ ዛር፣ በሱዳኖች ዘንድ ደግሞ ዛር ወይም «ቀዩ ነፋስ» እየተባለ የሚጠራው የረቂቃን ፍጡራን ማኅበር ነው።

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ይህ በዓይኑ የሚያየው ዓለም ብቻውን ነው ብሎ አርፎ አያውቅም። ከበላዩ የብርሃን ማደሪያዎችን፣ ከበታቹ የጨለማና የሥቃይ ሥፍራዎችን፣ በዙሪያውም በጫካውና በወንዙ፣ በምድረ በዳውና በቤቱ ጥግ የሚኖሩ ስውራንን ሲያስብ፣ ሲፈራና ሲለማመን ኖሯል። ስለ እነዚህ ዓለማት እያንዳንዱ ሕዝብ የሚናገረው የተለያየ ቢመስልም፣ ነገሩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው አንድ የጋራ ጠባይ ይታየዋል፤ ይኸውም ሕዝብ ሁሉ ያልከፈለውን ዕዳ፣ የበደለውን ሰውና የዘነጋውን ሙት ከዓይን በተሰወረው ዓለም ውስጥ መዝግቦ የሚያኖር መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት በገዳሪፍና በጎንደር መካከል ያለውን የዛር ዓለም፣ ከእርሱ እጅግ ርቆ በእስያ ከተስፋፋው ከቡድሃ ሃይማኖት ትምህርት ጋር አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ከራሳችን ቤት እንነሣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ ሰባት ሰማያትን ይቆጥራሉ፤ እነርሱም ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ኢዮር፣ ራማና ኤረር ናቸው። መላእክት በኢዮር 40፣ በራማ 30፣ በኤረርም 30 ነገድ ሆነው በጠቅላላው በ100 ነገድ እንደ ተፈጠሩ፣ ከእነርሱም አንዱ ነገድ ከአለቃው ከሳጥናኤል ጋር በትዕቢት እንደ ወደቀ ይተረካል። በዚህ ሥርዓት ረቂቅ መንፈስ ሁሉ ወይ መልአክ ነው ወይ ጋኔን፤ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ወገን የለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ዛርን ከአጋንንት ወገን ቆጥራ፣ የያዘውን ሰው በጸሎትና በጠበል ትረዳዋለች እንጂ ከመንፈሱ ጋር መዋዋልን አትፈቅድም።

ሕዝቡ ግን ከዚህ ትምህርት ጎን ለጎን ሌላ ትረካ ይዞ ቆይቷል። እንደዚያ ትረካ ከሆነ እናታችን ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ውበታቸው ዓይን ይስባል ብላ የሠጋችላቸውን 15ቱን ደብቃ የቀሩትን ብቻ አቀረበች። ከእርሱ የሚሰወር ነገር የለምና፣ የተደበቁት ተደብቀው ይቅሩ፣ የሌሊትም ፍጥረት ይሁኑ ብሎ ፈረደ፤ እነዚያም ውቦቹና ስውራኑ ልጆች የዛር ወገን ሆኑ፤ በግልጥ የቀረቡት ደግሞ የእኛ አባቶችና እናቶች ሆኑ። ይህ ትረካ ከመጻሕፍት ያልተገኘ ቢሆንም ትልቅ ነገር ይናገራል፤ ምክንያቱም ዛር ባዕድ ፍጡር ሳይሆን በእናት የተካደ ወንድም ነው፣ ወደ ሰው የሚመጣውም የተነፈገውን ድርሻ ሊጠይቅ ነው ማለቱ ነውና።

የዛሮች ዓለም፣ በባለዛሮች አነጋገር፣ ይህን የእኛን ዓለም ይመስላል። በዚያም ሹምና ጭፍራ፣ ወንድና ሴት፣ ክርስቲያንና እስላም፣ ደገኛና ቆለኛ አለ። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩም ሲወርድበት ፈረሱ ራሱን እያሽከረከረ ጉሪ ይላል፣ ከዚያም በዛሩ አንደበት ይፎክራል፣ ስሙንና ወገኑን ይናገራል፣ የሚፈልገውንም ይዘረዝራል። ቡናው ተፈልቶ ዕጣኑ ሲታጠን፣ የዛር አለቃ የሆነችው ሴት ከመንፈሱ ጋር እንደ ሽማግሌ ትነጋገራለች፤ ምን እንዳስቆጣው ትጠይቀዋለች፣ ዶሮው ወይም በጉ በምን መልክ እንዲሆን እንደሚሻ ታስነግረዋለች፣ በመጨረሻም ሰውዬውን እንዳያሠቃይ ቃል ታስገባዋለች። የሥርዓቱ ዓላማ መንፈሱን ማባረር ሳይሆን ማስታረቅ፣ አሠቃዩን ጠባቂ ማድረግ ነው።

ይህን ሥርዓት በቅርብ ተመልክተው ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል የተመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የጥናት ቡድን ጸሐፊ ሆኖ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በጎንደርም መልካም አያሁ በተባለች የታወቀች የዛር አለቃ ቤት ወራት ሙሉ እየተቀመጠ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጐሙለት የዛሮቹን ስም፣ ፉከራና ጠባይ መዘገበ። አንዲት ሴት እንደ ጊዜውና እንደ ጉዳዩ በልዩ ልዩ ዛሮች ስም ስትናገር፣ በአንዱ ስትቆጣ በሌላው ስታጽናና አይቶ፣ ነገሩ ማታለልም ዕብደትም እንዳልሆነ፣ ሰው በሙሉ ልቡ የሚኖረው ትርኢት እንደሆነ ተረዳ፤ ይህንንም አሳቡን በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ገልጦታል።

አሁን ፈፋውን እንሻገር። በሱዳን ምድር ጂን በሚባሉት ፍጡራን መካከል የቀለም ልዩነት አለ፤ ነጩ ጂን ሰውን የማይጎዳ ነው፣ ጥቁሩ ከባድ ደዌና ሞት ያመጣል፣ ቀዩ ግን ዛር ነው፤ ሰውን የሚያሳምመው ሊገድለው ሳይሆን ምኞቱን ሊያስፈጽም ነው። ቀያዮቹም በየነገዳቸው ይመደባሉ፤ ደርዊሾች፣ ዐረቦች፣ ፓሻዎች፣ ከዋጃ የሚባሉት አውሮፓውያን፣ ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ጥቁሮች፣ በመካከላቸውም ጐልተው የሚታዩት «ሐበሽ» የሚባሉት የኢትዮጵያ መናፍስት ናቸው። ከእነዚህ ከሐበሾቹ መካከል ሉሊያ የተባለችው ሴትና በሽር የተባለው ወንድ ስማቸው በስፋት ይታወቃል። ከገዳሪፍ ጋር ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባቡር ሐዲድ በተያያዘችው በሰናር አካባቢ የቆዩ ተመራማሪዎች፣ ሴቶች ለበሽር ቡና አፍልተው በቀይ ልብስ እንደሚያስተናግዱት፣ ችግራቸውንም እንደ ቤተ ዘመድ እንደሚያዋዩት መዝግበዋል።

የሱዳኖች የዛር በዓል ሲደረግ ማየት ነገሩን ያቀርበዋል። በሽተኛይቱ እንደ ሙሽራ ሂና ተቀብታ፣ ሽቶ ተርከፍክፎባት ትቀመጣለች፤ የ«ኩርሲ» ሥርዓት የሚባለውም እስከ ሰባት ቀን ሊዘልቅ ይችላል። የሥርዓቱ መሪ የሆነችው ሼኻይቱ ለእያንዳንዱ የመናፍስት ነገድ የተለየውን ዕጣን ታጤሳለች፣ ሴቶቹ ደሉካ የተባለውን ከበሮ እየመቱ «ክር» የሚሏቸውን ዜማዎች በተራ ያወርዳሉ፤ የደርዊሾቹ ዜማ ሲያልፍ ዝም ብላ የቆየችው ሴት፣ የሐበሾቹ ሲጀመር ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ የያዛት ከወዲያኛው ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑ ይታወቃል። ያን ጊዜ ሼኻይቱ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ቡናውን፣ ቀይ ልብሱንና የብር ቀለበቱን ይጠይቃል፣ ባልና ወንድሞችም ቆመው እየሰሙ የተጠየቀውን ለማቅረብ ይስማማሉ።

ነጻ የሆነች የሱዳን እመቤት ለሐበሻ መንፈስ ቡና አፍልታ ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ከዚሁ ከገላባት ገበያ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዓመት ገላባት የቡናና የሰም ብቻ ሳይሆን የሰውም ገበያ ነበረች፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. በዚያ ሲያልፍ፣ ከኢትዮጵያ ተወስደው የመጡ ልጃገረዶች በምንጣፍ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ገዢ ሲጠብቁ እንዳየ ጽፏል። እነዚህ ልጆች በገዳሪፍና በሰናር፣ በካርቱምና በካይሮ፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በመካ በየባለጸጋው ጓዳ ገቡ፤ ቡና አፍይ፣ ሞግዚት፣ ቁባትም ሆኑ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑት ዛርም ከእነርሱ ጋር ተጓዘ፤ ሆላንዳዊው ስኑክ ኸርኽሮንየ በ1885 እ.ኤ.አ. በመካ በቆየ ጊዜ የዛር ሥርዓት በከተማይቱ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ሆኖ አግኝቶታል። ሉሊያና በሽር እንግዲህ በሕይወት ሳሉ ስማቸው ያልተጠየቀ፣ የፈለጉትን የሚሰጣቸው ያልነበረ የእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ናቸው፤ በሚታየው ዓለም ቡና ሲያፈሉ የኖሩት፣ በማይታየው ዓለም ቡና የሚፈላላቸው ሆኑ።

የቀሩትም የመናፍስት ነገዶች ሲመረመሩ እንደዚሁ የታሪክ መዝገብ ሆነው ይገኛሉ። ፓሻዎቹ ከ1821 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሱዳንን የገዛውን የቱርክና የግብጽ መንግሥት፣ ከዋጃዎቹ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የመጣውን የእንግሊዝን አገዛዝ ያስታውሳሉ። በእኛም በኩል ከዛሮቹ መካከል የጎረቤት ሕዝብ ስምና ቋንቋ ይዘው የሚናገሩ ብዙ ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያደረሳቸውን ቁስል ያገኙባት መተማ፣ በመድፍና በጦር የተጋጠሙትን ሁለት ሕዝቦች ጠላትነት መዝግባለች፤ ዛር ግን በእነዚያው ሁለት ሕዝቦች መካከል ያለውን ዝምድናና በደል በአንድነት ይዞ ቆይቷል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ቡድሃ ሃይማኖት ብንሻገር ጉዞው እንደሚታሰበው ሩቅ አይደለም፤ የቡድሃ ታሪክ በአገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታልና። ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ.፣ «በራላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። አባቱ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳደገው፣ በኋላ ግን እነዚህን አይቶ መንግሥቱን ንቆ የመነነው የሕንዱ ልዑል ታሪክ፣ ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ የክርስቲያን ገድል መልክ የያዘው የቡድሃ የራሱ የሕይወት ታሪክ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ስለዚህ ስሙን ሳያውቁት የልዑሉን ምናኔ ሲያደንቁ ኖረዋል፤ ያልደረሳቸው ግን ያ ልዑል ያስተማረው የዓለማት ሥርዓት ነው።

በዚያ ትምህርት መሠረት በዓለም መካከል ሜሩ የተባለ ታላቅ ተራራ ቆሟል፤ ፍጡራንም ሁሉ በሥራቸው መጠን እየተወለዱና እየሞቱ በስድስት የኑሮ ስፍራዎች ይዞራሉ፤ እነርሱም የአማልክት፣ የአሱራ፣ የሰው፣ የእንስሳ፣ የተራቡ ሙታን፣ የሲኦልም ስፍራ ናቸው። በስሪላንካና በታይላንድ ያለው የቴራቫዳ ወገን ደግሞ ሰማያቱን በዝርዝር ከፍሎ 31 ማደሪያዎችን ይዘረዝራል። ከሁሉ በታች ያለው አቪቺ የተባለው ሲኦል ነው። አሱራዎቹ ብርቱዎች ሲሆኑ በቅንዓት ተቃጥለው ከአማልክት ጋር ዘወትር ይዋጋሉ። በተራራው ወገብ ላይ አራቱ ነገሥታት አራቱን ማዕዘን ይጠብቃሉ፣ በራሱ ላይ ደግሞ ሳክራ በ33ቱ አማልክት ላይ ነግሦ ይኖራል፤ ከእነርሱ በላይ ምኞት የጠፋላቸው የብርሃን ፍጡራን፣ ከእነዚያም በላይ መልክና ቅርጽ የሌላቸው አሉ።

ለእኛ ለአንባቢዎቹ እጅግ እንግዳ የሚሆነው የእነዚህ አማልክት ሟችነት ነው። በአራቱ ነገሥታት ሰማይ አንዱ ቀን የሰው 50 ዓመት ነው፤ በዚያ የተወለደ አምላክ በእንዲህ ያለ ቀን 500 ዓመት ይኖራል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር 9,000,000 ዓመት ይሆናል። ነገር ግን ዘመኑ ሲያልቅ የአበባ አክሊሉ ይጠወልጋል፣ ልብሱ ያድፋል፣ ብብቱ ያልበዋል፣ የሰውነቱ ብርሃን ይደበዝዛል፣ በዙፋኑም ላይ መቀመጥ ያስጠላዋል፤ ከዚያም ያከማቸው ምግባር ስላለቀ ወደ ታች ይወርዳል። ሲኦልም እንዲሁ ለዘላለም አይደለም፤ ዘመኑ እጅግ ቢረዝምም የክፉ ሥራው ፍሬ ሲፈጸም በዚያ ያለው ነፍስ ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ከፍ ያለው እንዳይታበይ፣ የወደቀውም ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ሥርዓት ነው፤ ከሁሉም ስፍራ የተመረጠ የተባለውም የሰው ነው፤ አማልክት በደስታ ሰክረው፣ የሲኦል ሰዎች በሥቃይ ታፍነው ሊያስቡት የማይችሉትን እውነት ሰው ብቻ ሊመረምረው ይችላልና።

ከስድስቱ ስፍራዎች ወደ ዛር ጉዳይ የሚያቀርበን የተራቡ ሙታን ስፍራ ነው። በሕይወታቸው ሥሥት የገዛቸው ሰዎች ሲሞቱ ሆዳቸው እንደ ተራራ ሰፍቶ ጕሮሯቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ይወለዳሉ፤ የሚበሉት እሳት፣ የሚጠጡት መግል ይሆንባቸዋል። ወደ ቀድሞ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ መቃን አጠገብና ከመንታው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ በውስጥ ድግስ ሲደገስ የሚያስታውሳቸው የለም። ዘመዶቻቸው መነኮሳትን መግበው በረከቱ ለእነርሱ ይሁን ሲሉ ብቻ ረኃባቸው ይበርዳል። በቻይና ሙሊየን የተባለው የቡድሃ ደቀ መዝሙር እናቱን ከዚህ ረኃብ እንዳወጣት ይተረካል፤ ስለዚህም በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን ሕዝቡ ለሙታኑ ሁሉ፣ ወራሽ ለሌላቸውም ሳይቀር፣ ማዕድ ያቀርባል። ለነፍስ ማረፊያ ድኻ ሰብስቦ ተዝካር የሚያወጣ የአገራችን ሰው፣ ትምህርቱ ቢለይበትም፣ የዚህን ሥራ ትርጉም ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም።

የቡድሃ ሃይማኖት በገባበት አገር ሁሉ የነበሩትን የተራራና የወንዝ መናፍስት ያስተናገደበት መንገድም የዛር ቤቶችን ሥርዓት ያስታውሳል። በስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ ቲቤት የሄደው መምህር ፓድማሳምባቫ፣ ትምህርቱን የተቃወሙትን የአገሩን መናፍስት አላጠፋቸውም፤ በመሐላ አስሮ የትምህርቱ ጠባቂዎች አደረጋቸው ይባላል። ሆኖም በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ፤ ዛር የሚናገረው ስለ ሕዝብ ዕዳ ነው፣ የቡድሃ ትምህርት ግን ስለ እያንዳንዱ ሰው ዕዳ ነው። የዛር ዓለም የሚጠይቀው ማንን እንደ በደልን ነው፤ የስድስቱ ስፍራ ዓለም ደግሞ፣ ዛሬ የናቅኸው ፍጡር ትናንት እናትህ ነበረ፣ ነገም አንተ ራስህ ትሆነዋለህ እያለ ያስጠነቅቃል።

የገዳሪፍ መንገድ ዛሬም ዕዳ ማከማቸቱን አላቆመም። በ1984 እ.ኤ.አ. ረኃብና ጦርነት ያባረራቸው ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል፣ በምሥራቅ ሱዳን በኡም ራኩባ ሰፍረው ብዙዎች በዚያ ተቀበሩ፤ ያው ሰፈር በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀበለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሕዝብ ከ50,000 በለጠ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ፊቱን ወደዚህ አዞረ፤ ካርቱምን ለቀው የወጡ ቤተሰቦች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፣ በዚያም ሽፍታና ግጭት አሠቃያቸው። የተቀበለው ተሰዳጅ፣ የተሰደደውም ተቀባይ ሆነ፤ ይህም በስድስቱ ስፍራ ላይ የተነገረውን ዙረት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያሳያል።

ዛር እውነት ነው ወይስ አይደለም፣ ጋኔን ነው ወይስ ሕመም የሚለውን ክርክር ለካህኑና ለሐኪሙ እንተወው፤ የታመመም ሰው ቢኖር ከሁለቱ ደጅ አይራቅ። ለታሪክና ለኅሊና የሚቀረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የልጅ ልጆቻችን ወደፊት የማንን ስም እየጠሩ ዕጣን ያጨሱ ይሆን? በሕይወት ሳለ ስሙን የጠየቅነው፣ ውኃ ያጠጣነውና ከቀማኛ ያስጣልነው ስደተኛ በማንም ልጅ ላይ ተቈጥቶ አይመጣም። ጕሮሮው በጠበበ ሙት ፊት ማዕድ ከማቅረብ፣ ጕሮሮው ለእህል ክፍት በሆነው በሕያው ሰው ፊት ማቅረብ ይቀላል፤ ዋጋውም ይበልጣል። የሁለቱም አገር ሰው ይህን ዕዳ በሚታየው ዓለም፣ ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ጊዜ ይክፈለው።